ለሱሉልታ ብርድ 1.8 ሚሊዮን ብር?

ጥያቄ፦ “ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ሱሉልታ ላይ ጂ+1 ቤት ሠርተን ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ቤቱ ያምራል፤ ብርዱ ግን አላስቀምጥ አለን። እናቴ ሪህ አለባት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ስታቃስት ነው የምታድረው። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለን ክፍሏ እናስገባለን። ሁለቱ ልጆቼም ክረምት በገባ ቁጥር ይስላሉ። በቅርቡ አንድ ድርጅት መጥቶ፣ በመሬት ሙቀት ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ አዲስ ሲስተም አለን አለን። ድሮ ከነበረው ዋጋው በግማሽ ቀንሷል፣ የመብራት ወጪን 70 በመቶ ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ጥገና አይፈልግም፣ በ5 ዓመት ዋጋውን ይመልሳል አሉ። ‘አገራችን በከርሰ ምድር ሙቀት የታደለች ናት፤ ፍል ውሃን አታዩም?’ ብለውናል። ፕሮፎርማው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። 40 በመቶ ቀብድ ይፈልጋሉ፤ ዋጋውም የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ሚኒሶታ ያለው ታናሽ ወንድሜ እሱም ቤቱ አስገብቶ ወጪው በጣም እንደቀነሰለት ነግሮኛል፤ ግማሹን እችላለሁ ብሏል። ባለቤቴ ግን ልቧ አልተቀበለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ? የሱሉልታው አባወራ።”

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣

ወደ ማሽኑ ከመግባቴ በፊት ስለ ከሰሉ ልናገር። ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ ዓይን አያቃጥልም። ብዙዎቻችን ከሰሉ ደጅ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ “አሁን ጸድቷል” ብለን ነው የምናስገባው። ጋዙ ግን ያኔም እየወጣ ነው። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በብርድ ወራት ባልና ሚስት ወይም ቤተሰብ ሙሉ በከሰል ጭስ አለቀ የሚል ዜና ለማናችንም እንግዳ አይደለም። እናትዎ ጠዋት ሲነሡ ራሳቸውን የሚያማቸው፣ የሚያዞራቸው ወይም የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰሉ መኝታ ክፍል አይግባ። ወረድ ብዬ የቤቱን ክፍተቶች እንዲደፍኑ ስለምመክርዎ፣ ከሰሉ ካልወጣ ምክሬ ራሱ አደጋ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ቀብዱን አይክፈሉ። ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

ይህን የምለው ቴክኖሎጂው ውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነተኛ ነው፤ የቆየም ነው። ስዊድን ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በዚህ ይሞቃሉ። አሠራሩም ከባድ አይደለም። የፍሪጅዎን ጀርባ በእጅዎ ቢነኩት ይሞቃል። ያ ሙቀት ከውስጥ ካለው ወተትና ቲማቲም ተስቦ የወጣ ነው። ይኼኛውም ማሽን ያንኑ ይሠራል፤ ሙቀቱን የሚስበው ግን ከመሬት ነው። ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል። ወይ 1 ሜትር ተኩል ገደማ በሚጠልቅ ቦይ ይዘረጋል፣ ወይ ከ50 እስከ 150 ሜትር በሚወርድ ጉድጓድ ይገባል። በቱቦው የሚዞረው ውሃ ከአፈሩ ጥቂት ሙቀት ይዞ ይመለሳል። ኮምፕረሰር የሚባለው የማሽኑ መጭመቂያ ሞተር ያንን ሙቀት ከፍ አድርጎ ለቤቱ ይሰጣል። ሙቀቱ ተፈጥሮ ሳይሆን ተጓጉዞ ስለሚመጣ 1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት በልቶ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ በተቃራኒው የቤቱን ሙቀት አውጥቶ መሬት ውስጥ ይጥላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ቦታው ነው።

ከ10 ሜትር ገደማ በታች ያለ አፈር ክረምት ከበጋ ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም። የአካባቢው አየር የዓመት አማካይ አካባቢ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ወደ 16 ዲግሪ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 14 ወይም 15 እንበል።

ወንድምዎ ያለበትን ሚኒሶታን ያስቡ። ጥር ላይ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ሌሊት አለ። መሬቱ ግን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በአየሩና በመሬቱ መካከል 30 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ብርዱም ለሳምንታት ቀንም ሌሊትም አይለቅም። ቤት ካልሞቀ ውሃ በቱቦ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ማሽኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ሲሠራ ይከርማል። ከእንዲህ ያለ አየር ሙቀት ለመሳብ ከመታገል ከመሬቱ መሳብ በጣም ያዋጣል። ወንድምዎ የነገረዎት እውነት ነው። እውነትነቱ ግን ለሚኒሶታ ነው።

ሱሉልታ ላይስ? ታኅሣሥ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥተው ቢለኩ አየሩ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ሣሩ ላይ አመዳይ የሚያዩበት ጠዋትም አይጠፋም። ከመሬቱ ጋር ያለው ልዩነት 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያውም ለጥቂት ሰዓት። ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ሲሆን ልዩነቱ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ አየሩ ከመሬቱ ይበልጥ ይሞቃል። ያኔ ቱቦ ቀብሮ ከመሬት ሙቀት መፈለግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ግማሽ ሚሊዮንም ያስከፍል አንድ ሚሊዮን፣ ለቁፋሮው የሚወጣው ገንዘብ የሚገዛልዎት ይህችን የጥቂት ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው።

“በግማሽ ቀንሷል” የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳንዴልየን ኢነርጂ የሚባል ድርጅት ከጉግል የምርምር ክፍል ተነጥሎ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሥራ ጀመረ። አነስ ባለና ፈጣን በሆነ መቆፈሪያ ጉድጓዱን እየቆፈረ ዋጋውን ለመቀነስ ነበር ሐሳቡ። በቀጣዩ ዓመት የራሱን ማሽን ይዞ ቀረበ፤ በገበያው ካለው በግማሽ ያህል ይቀንሳል አለ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ቤታቸውን በናፍጣና በፕሮፔን ጋዝ የሚያሞቁ ሰዎች ነበሩ። ናፍጣው በቦቴ ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ ክረምት ሲከርም ሂሳቡ ወገብ ይሰብራል። ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው ከዚያ ሂሳብ ስለሚገላግላቸው ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ያግዛቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ይህን ቤቱ ያስገባ ሰው ከወጪው 30 በመቶው ከፌዴራል ግብር ይቀነስለት ነበር። ወንድምዎን ይህንን ይጠይቁት፤ ከከፈለው ውስጥ ምን ያህሉ በግብር ተመለሰለት? ከዚያ በፊትስ ቤቱን በምን ነበር የሚያሞቀው?

እርስዎ የሚገላገሉት የናፍጣ ሂሳብ የለዎትም። ማሽኑ ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ውጭ አገር ዋጋው በእውነት በግማሽ ቢቀንስ እንኳን ለእርስዎ ኪስ ቅናሹን ምንዛሬው በልቶታል።

70 በመቶው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለልበት እዚህ ጋ ነውና። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ጋር ካነጻጸሩት ማሽኑ ለዚያው ሙቀት 70 በመቶ ያነሰ መብራት ሊበላ ይችላል። ግን የሚቀንሰው ከጠቅላላ የመብራት ሂሳብዎ አይደለም። ለማሞቂያ ከሚያወጡት ብቻ ነው። ከምጣዱ፣ ከስቶቩ፣ ከፍሪጁ፣ ከቴሌቪዥኑ አንድም ሳንቲም አይነካም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ባለ 2 ኪሎዋት ሂተር በየማታው 4 ሰዓት ቢያበሩ፣ ለ120 የብርድ ሌሊት፣ 960 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የዚህ 70 በመቶ 672 ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ስሌቱ ለድርጅቱ እንዲያደላለት አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ልቁጠረው። በዓመት የሚተርፍዎት 6,720 ብር ነው። 1 ሚሊዮን 800 ሺህን ለዚህ ሲያካፍሉት 268 ዓመት ይመጣል። አንድ ክፍል ሳይሆን ሦስት ክፍል እናሞቃለን ቢሉ እንኳን 89 ዓመት ነው። መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ 50 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ማሽን ግን ከ20 እስከ 25 ዓመት ቢያገለግል ነው።

በ5 ዓመት ይመልሳል ማለት በየዓመቱ 360 ሺህ ብር ማትረፍ ማለት ነው። በ10 ብር ሂሳብ 36 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ለማትረፍ እርስዎ አሁን ሦስት ባለ 2 ኪሎዋት ሂተሮችን ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሚያዝያንም ግንቦትንም ሳያጠፉ የሚያነዱ ሰው መሆን አለብዎት። ፕሮፎርማውን ላመጡልዎት ሰዎች ይህንኑ ያሳዩአቸው። የራሳቸውን ስሌት በወረቀት ይጠይቁ። የእርስዎን የቆጣሪ ቢል ሳያዩ “5 ዓመት” ያለ ሰው ቁጥሩን ከሌላ አገር ብሮሹር ነው የገለበጠው።

የፍል ውሃው ነገር ደግሞ በቀጥታ ማሳሳት ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረደው ሙቅ ውሃ በመሬት ስንጥቅ በኩል ከጥልቅ የሚወጣ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ በወጣ እንፋሎት 7 ሜጋዋት ገደማ የማመንጨት አቅም ያለው አነስተኛ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢ ተተክሏል። በዚህ ሀብት አገራችን በእርግጥ የታደለች ናት። ግቢዎ ውስጥ የሚቀበረው ቱቦ ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። የሚስበው ለብ እንኳን የማይል የ15 ዲግሪ አፈር ነው። ስምጥ ሸለቆ በሌለባት ስዊድንም የሚሠራው ለዚህ ነው። ሻጩ ሁለቱን ካምታታ ወይ ራሱ አያውቅም፣ ወይ እርስዎ አያውቁም ብሎ ተስፋ አድርጓል።

መብራት ሲጠፋ ይሠራል የሚለው ስሕተት ነው። ኮምፕረሰሩም፣ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕም ያለ መብራት አይነቃነቁም። ጥገና አይፈልግም የሚለውም እንዲሁ ነው። ፍሪጅ የሚጠግን ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ይህን ሲስተም ፈትቶ የሚገጥም፣ መለዋወጫውን በእጁ የያዘ ሰው ማን እንደሆነ ስሙንና አድራሻውን ይስጡዎት።

ፕሮፎርማው ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያዩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሙቀቱ ከማሽኑ ወደ ክፍሎቹ በምን ይደርሳል? አሜሪካ ብዙ ቤቶች ሲሠሩ ጀምሮ በኮርኒስና በወለል ውስጥ የሚሄድ ዳክት፣ ማለትም ሰፊ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ አላቸው። አዲሱ ማሽን ከዚያ ዳክት ጋር ይገጠምና ያልቃል። የእርስዎ ቤት ዳክት የለውም። ወይ ኮርኒሱ ይፈርሳል፣ ወይ ሴራሚኩ ተነሥቶ ቱቦ ይዘረጋል፣ ወይ በየክፍሉ ውሃ የሚገባበት ማራገቢያ ይሰቀላል። ይህ የራሱ ወጪ ነው፤ የራሱ ፍርስራሽም አለው።

አፈሩም ይታይ። ሜዳው ላይ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆኑ፣ እርጥብ አፈር ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ይህን ለድርጅቱ እመሰክርለታለሁ። ግን ዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከቱቦው ይሸሻል፤ በመካከል አየር ይገባል። ሙቀት መሳብ የሚያቅተው ልክ በሚፈለግበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይሆናል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ከሆኑ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ የቁፋሮ ሂሳብ በሜትር ይቆጠራል፤ ድንጋይ ሲገኝ ተጨማሪ ይጠየቃል። ለጥልቅ ጉድጓድ ፈቃድ የሚያወጣው ማን እንደሆነም ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ማሽኑን እዚህ ላይ ልተወው። ሊያወሩበት የሚገባው ቤትዎ ነው።

እንደ እርስዎ ያሉ አዳዲስ ቤቶች በከተማው ዙሪያ በየቀኑ ይሠራሉ። በሱሉልታም፣ በሰንዳፋም፣ በለገጣፎም ያው ናቸው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ነጠላ መስታወት ያለው ሰፊ የአልሙኒየም መስኮት፣ ሴራሚክ ወለል፣ ስስ ኮርኒስ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሌሊት ከአየሩም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ላይ ከጣሪያ ጠርዝ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ የሚያዩት ለዚህ ነው። ያ ብርድ በስሷ ኮርኒስ በኩል ራስዎ ላይ ይወርዳል። በዚያው ጣሪያ ቀን 8 ሰዓት ላይ ፎቁ ያቃጥላል። ስለዚህ ኮርኒሱን ማልበስ ለብርዱም ለሙቀቱም መድኃኒት ነው። “ያቀዘቅዛል” የሚሉት ሁለተኛ ጥቅም ሱሉልታ ላይ ምን ያደርግልዎታል? ከምሽቱ 2 ሰዓት መስኮት ቢከፍቱ ብርዱ በነፃ ይገባል።

መጀመሪያ ይለኩ። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ይግዙ። አንዱን በእናትዎ አልጋ አጠገብ፣ አንዱን ደጅ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይመዝግቡ። ጠዋት ላይ ክፍሉ ከደጁ የሚበልጠው በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ቤቱ ሙቀት መያዝ አልቻለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የትኛውንም ማሽን ቢያስገቡ ደጁን ነው የሚያሞቁት። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ጊዜ ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲኖር ይመክራል። ግብዎ ይህ ይሁን።

ከዚያ ንፋስ በሚኖርበት ምሽት ሰንደል ያቀጣጥሉና በየመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ስር፣ በሶኬት ቀዳዳዎች፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት ዙሪያ ቀስ እያሉ ያሳልፉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጣመመ ወይም ከተበታተነ እዚያ ክፍተት አለ። በጠመኔ ወይም በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። አብዛኛው የአልሙኒየም መስኮት ላይ ተንሸራታቹ ሐዲድ አካባቢ ጭሱ ሲሮጥ ያያሉ። ሲሊኮን፣ የመስኮት ጎማና የበር ስር ብሩሽ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛሉ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ኮርኒሱ። ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍተት ፋይበር ግላስ የሚባለውን ጥጥ መሰል ንጣፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስነጥፉ። ሠራተኞቹ ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ ቆዳና ሳንባ ይጎዳል። ፎም ርካሽ ነው ብለው ቢያመጡልዎት የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ጣሪያ ውስጥ እኔ አልፈቅድም፤ እሳት ይወዳል። ከዚያ ወፍራም መጋረጃ እስከ ወለል የሚወርድ፣ ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ። መጋረጃው ፀሐይ ስትገባ ይገለጥ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይዘጋ።

የእናትዎ ክፍል የትኛው አቅጣጫ ነው? በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታደላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል ትገባለች። ከሰዓት ፀሐይ የጠጣ ብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን እስከ እኩለ ሌሊት ይለቃል። እናትዎ ሰሜን ወይም ምሥራቅ ባለው ክፍል ካሉ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ምዕራብ ወይም ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ክፍል ያዛውሯቸው። ወጪ የለውም። ፎቅ ላይ መውጣት የማይከብዳቸው ከሆነ ነው ታዲያ፤ ጉልበታቸው የታመመ ሰው በደረጃ አይቀጣ።

ለአልጋቸው የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ይግዙ። 100 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ እንኳን 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ሰውነታቸውን ያሞቃል፣ ክፍሉን ሳይሆን። ስኳር ካለባቸው ወይም እግራቸው ከደነዘዘ ግን ሙቀቱን ላያውቁት ስለሚችሉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ከመተኛታቸው በፊት አሙቆ ማጥፋት ይሻላል። ለሪሁም ሐኪም ይያቸው። ብርዱ ያባብሰዋል እንጂ ሁሉም ሕመም የብርድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክፍላቸው አሁንም 18 ካልደረሰ፣ ያኔ ማሽን ይግዙ። ለእሳቸው ክፍል ብቻ አንድ ስፕሊት ኤሲ (አንዱ አካሉ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ደጅ የሚሰቀል)፣ ኢንቨርተር ያለው (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክል)፣ ማሞቅም የሚችል። አንዳንዱ የሚያቀዘቅዘው ብቻ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ሱቅ ውስጥ አስበርተው ሙቅ አየር ሲያወጣ በእጅዎ ይዩ። ይህም ያው በድርጅቱ የቀረበልዎት ዓይነት ማሽን ነው፤ ሙቀቱን ከመሬት ሳይሆን ከአየር ይስባል። አምራቾቹ የማሞቅ አቅሙን የሚለኩት የውጭው አየር 7 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ለእርስዎ የታኅሣሥ ሌሊት የቀረበ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ ጥሩ ኢንቨርተር ለ1 ኪሎዋት 3 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ጉድጓድ የለም፤ ቦይ የለም፤ ጠጋኙም ከተማ ውስጥ አለ። ለባኞ ቤቱ ሙቅ ውሃ ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ ያስሰቅሉ። ቦይለሩ ከሂተሩ ይልቅ መብራትዎን እየበላ ያለው ሊሆን ይችላል።

የልጆቹን ሳል ከማሽኑ ጋር አያያይዙት። በኅዳር ሳይሆን በክረምት የሚብስ ከሆነ እርጥበት ይመስለኛል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ይሳቡና ከኋላው ያለውን ይመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ጠርገው ያድርቁት፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል ያርቁት፤ ዝናብ ባቆመ ቁጥር መስኮቶቹን ለተወሰነ ጊዜ ይክፈቱ። እርጥብ ልብስ መኝታ ክፍል አይሰጣ። የከሰሉ ጭስም ለሳንባቸው ጠላት ነው። ሳሉ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

ይህ ሲስተም እዚህ አገር አይረባም እያልኩ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ውሃም ማቀዝቀዣም ለሚፈልግ ትልቅ ሆቴል ወይም ሆስፒታል፣ በተለይ ከመሠረቱ ሲሠራ፣ ቢጠና ደስ ይለኛል። ማሽኑ ብዙ ሰዓት በሠራ ቁጥር ነውና ዋጋውን የሚመልሰው። የእርስዎ ቤት የሚፈልገው ግን በዓመት የጥቂት ወራት ሌሊቶችን ነው።

ወንድምዎ አይከፋ። የምር ሊረዳ ፈልጓል፤ ስሌቱን ይላኩለትና ገንዘቡን ለኮርኒሱ፣ ለእናቱ ክፍል ኤሲና ለፀሐይ ማሞቂያው ያዋጣ። ድርጅቱ መልሶ ከደወለ ደግሞ በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቁ። የቤቴን የሙቀት ፍላጎት በኪሎዋት ያሰላችሁበትን ወረቀት አሳዩኝ፤ መስኮቶቼን ሳትለኩ እንዴት አወቃችሁት? በዚህ አካባቢ ሁለት ክረምት ያለፈበትን የሠራችሁትን ቤት ወስዳችሁ አሳዩኝ፣ ባለቤቱንም ላናግር። ቱቦው አፈር ከመልበሱ በፊት በግፊት ተፈትኖ፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ለሰዓታት ሳይወርድ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ዋናው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ የተባለው ቀነ ገደብ ይለፍ፤ አያስቸኩልዎ።

ሳምንቱን የመዘገቡትን የሙቀት ልክ፣ የክፍሎቹን አቅጣጫና የባለፈውን ታኅሣሥ የቆጣሪ ቢል ይላኩልኝ። እናትዎ የት ክፍል ቢተኙ እንደሚሻል፣ ኤሲውም ስንት ኪሎዋት መሆን እንዳለበት በቀጣዩ ዓምድ አሰላልዎታለሁ።